አንድ ጉንጭ ውሃ

አባቴ ደረት ውስጥ አንድ ሰው ይኖር ነበር። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ልክ እንደ አባቴ የቆዳ ሽርጥ ያገለደመ ሰው። ሥራው በር መዝጋት ነው። ጆሮዬን አባቴ ደረት ላይ ስለጥፍ ይሰማኛል፤ አንዱን በር ዱብ ያደርገዋል፣ ራመድ ይልና ሌላውን ድብ ያደርገዋል፣ ትንሽ አረፍ ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል። ለምን እንደሚዘጋም አላጣሁትም። ሙቀቱ እንዳይወጣ ነዋ። አባቴ ብርጭቆ ነፊ ነበር፤ ውስጡ ምድጃ የሌለው ሰው በምን ትንፋሹ ነው የቀለጠ ብርጭቆ የሚነፋው?

ዛሬ ሳስበው ያን ያህል አልሳትኩም። በሮቹ እውነት ናቸው። የልብ ምት እያልን የምንሰማው የሚገጥም በር ድምፅ ነው፤ ደም አንዴ ካለፈ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከኋላው የሚዘጉ፣ ውፍረታቸው ከሽንኩርት ልጣጭ ብዙም የማይበልጥ ክዳኖች አሉ። ይህን ማንም ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሞ አላስተማረኝም፤ እያነበብኩ፣ ያልገባኝን እየደጋገምኩ፣ የገባኝን ደግሞ ባልገባቸው ሰዎች ላይ እየተኩራራሁ ነው የደረስኩበት። የሌለው ሰውየው ብቻ ነው። እሱን ግን እስከ ዛሬ ከአባቴ ደረት ማስወጣት አልሆነልኝም።

ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሬን ቤት ወርውሬ የምሮጠው ወደ ብርጭቆ ነፊዎቹ ነበር። ፋብሪካ ይሉታል እንጂ ጣራው በጥላሸት የጠቆረ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። መሃሉ ላይ ምድጃው ሳያቋርጥ ያጉረመርማል፤ አፉ ውስጥ ብርጭቆው እንደ ማር ተኝቷል። ሰዎቹ ረጅም የብረት ቱቦ ይነክሩበትና ያዞሩታል፣ ጫፉ ላይ የብርሃን ጉብታ ይዘው ይወጣሉ፣ ይነፋሉ፣ ብርሃኑ ሆድ ያወጣል። ዓለምም እንዲሁ የተሠራች ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ሰው ነፍቷት።

እዚያ ቤት ሁሉም ሰው ጨው ይበላል። ምሰሶው ላይ በሽቦ የተንጠለጠለች ጣሳ ነበረች፤ ጨው አታጣም። እሳት ፊት የሚውል ሰው ላቡ ይፈሳል፣ ላቡም ጨዉን ይዞት ይሄዳል፤ ሸሚዛቸው ሲደርቅ ጀርባቸው ላይ ነጭ ካርታ ይወጣ ነበር። የሄደበትን ያልተካ ሰው እግሩ ይኮማተራል፣ ዓይኑ ይጨልምበታል፣ ቱቦውን እንደያዘ ይደፋል። ስለዚህ ከጣሳዋ ቆንጠር አድርገው ውሃ ውስጥ በጥብጠው ይጠጣሉ። ከሰዓት በኋላ ያንን ውሃ የማዞረው እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ሾምኩ።

“ነፍሳችን መጣች” ይላል አለቃው ከሩቅ ሲያየኝ። አባባ ፍም ነበር የምንለው፤ ፊቱ እሳት ፊት ከመዋል ብዛት ቀልቶ እዚያው የቀረ፣ ቅንድቡን ምድጃው የወሰደበት ሽማግሌ። “ኧረ ቶሎ በይ፣ አባትሽ ደርቆ ሊሰነጠቅ ነው።”

አባቴም ውሃውን ይቀበለኝና አንዴ ገልብጦት አገጩን በክንዱ ይጠርጋል። ከዚያ ሰውየውን ላዳምጠው እለጠፋለሁ። ጨዉ ሲደርሰው በሩን ጠንከር አድርጎ የሚዘጋ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን እኔም ልንፋ ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ቱቦውን ደግፎ አስያዘኝ። ጉንጬን ወጥሬ፣ ዓይኔ እስኪፈጥ ነፋሁ። ብርጭቆው ንቅንቅ አላለም።

“ሾርባ ነው እንዴ የምታቀዘቅዢው?” አለ አባባ ፍም፤ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔ መሳቂያ መሆን ያን ጊዜም አልወድም ነበር። ቱቦውን ትቼ ስሄድ አባቴ ጥግ ወደተጣለው አሮጌ ወናፍ ይዞኝ ሄደ፤ ቆዳው የተሰነጠቀ፣ ማንም የማይነካው ወናፍ።

“ይሄ አየር ይስባል?” አለኝ።

“አዎ።”

“አይስብም። ይከፈታል። ሲከፈት ቦታ ይሆናል፤ ቦታ ካገኘ አየሩ ራሱ ነው የሚገባው፤ ማንም አይጎትተውም። አንቺም ያው ነሽ። ትከሻሽን ተዪው። ሆድሽን ልቀቂው። እታች ቦታ ስጪው።”

እጄን ሆዴ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ለቀቅኩት። አንድ ነገር ከጎድን አጥንቶቼ ሥር ዝቅ አለ፣ አየሩም ሳልጠራው ገባ። በደረትና በሆድ መካከል እንደ ድንኳን የተወጠረ ጡንቻ እንዳለ፣ ሲኮማተር ጣራው ዝቅ እንደሚል፣ ሳንባ የሚባለው ነገር ራሱ ምንም ጉልበት እንደሌለውና ቦታ ሲሰፋለት አብሮ እንደሚሰፋ ስንት ዘመን ቆይቼ አነበብኩ። ያን ዕለት ግን በቂ ነበር።

“ጉንጭስ ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?” አልኩት።

“ጉንጭ ይይዛል። ሳንባ ይልካል፣ ጉንጭ ይይዛል።” ጉንጩን ነፋልኝ፤ እንደ ከበሮ ተወጠረ። አፉ በአየር ሞልቶ ሳለ በአፍንጫው እያስገባ እያስወጣ ወዲያና ወዲህ ተንጎራደደልኝ። ጉንጩን በጣቴ ብወጋው፣ ብኮረኩረው፣ ብስቅበት አላፈሰሰም። ከነፊዎቹ መካከል እንደሱ ጉንጭ ያለው አልነበረም። አንድን ነገር አፉ ውስጥ አድርጎ ያለመልቀቅ ጌታ ነበር።

ከዚያ የአባቴ የጫማ ማሰሪያ አስቸገረ። ወደ ቤታችን የሚወስደው ዳገት ላይ እየደጋገመ ይፈታበት ጀመር። ጎንበስ ይልና ማሰሪያውን ይዞ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ቀና ሲል ከንፈሩ የወይን ጠጅ ቀለም ይዟል። በመጨረሻ ስለተናደድኩ እኔው ድርብ ቋጠሮ አሰርኩለት። አሁንም ጎንበስ አለ። አይ የዘንድሮ ማሰሪያ፣ አልኩ ለራሴ፤ እማዬ ሁልጊዜ እንደምትለው። ሰው ዳገት መሃል ቆሞ ትንፋሹን እየለመነ መሆኑ እንዳይታወቅበት ማሰሪያ ሊያመካኝ እንደሚችል በየት በኩል ልወቅ።

የወደቀ ዕለት እዚያው ነበርኩ። ትልቅ ሆዳም ጠርሙስ እየነፋ ነበር፤ ብርሃኑ እያበጠ፣ እያበጠ መጥቶ መሃል ላይ ቆመ። አባቴ አፉን ከቱቦው አላነሳም፣ ግን ምንም አልመጣም። ብርጭቆው እንደ ረጠበ ካልሲ ተንጠለጠለ፣ ረዘመ፣ ወለሉ ላይ ተኛ። አባቴም አግዳሚው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ቱቦውን እንዳይሰበር የሚፈራ ይመስል በጥንቃቄ ጎኑ አስቀመጠው፤ ብረት እኮ ነው። ምድጃው ብቻ ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር። እኔ ወደ ጨው ጣሳዋ ሮጥኩ። ይዤ ስመለስ ግን ተሸክመውት ወጥተዋል።

ቤት ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጡት። አልጋ እያለ። መስኮቱ ሥር፣ ከጀርባው ትራስ በትራስ ላይ ተከምሮ፣ አጠገቡ የእማዬ ቀይ አበባ ያለበት የሸክላ ማሰሮ ነበር። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመርፌዋ ቀጥሎ ከዚያ አበባ አስበልጣ የምትወደው ነገር የለም ብለን እንስቅባት ነበር። ነርሷ መጣች፤ እማዬ ሲስተር ትላታለች፤ ቁመቷ በሩን የሚሞላ፣ እጇ ቀዝቃዛ፣ ማዳመጫዋን ከመለጠፏ በፊት በእጅጌዋ የምታሻሽ ሴት። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። የነገረቻት ሁሉ አልደረሰኝም፤ የደረሰኝ ግን ቁርጥ ቁርጡ ነው።

“...አንደኛው በር አይገጥምም... ወደ ኋላ እየመለሰ...”

አላልኳችሁም? ሰውየው ደክሟል። በሩን መዝጋት አቅቶታል።

“...ጨው የሚባል ነገር እንዳይነካ። ዘወር ብሎም እንዳያየው። ውሃም ቢሆን በዚህች ልክ ብቻ። ጋደም ማለት የለም፤ ተደግፎ ይደር።”

እማዬ በየቃሉ “እሺ ሲስተር፣ እሺ” አለች። አንድ ጊዜ እንኳ “ለምን” አላለችም። እኔ መጋረጃው ውስጥ ሆኜ ደሜ ፈላ። ምድጃ ፊት አርጅቶ የደከመን ሰው ጨውና ውሃ ከልክለው ቁጭ ብሎ እንዲያድር ይፈርዱበታል? ጣሳዋን ያላየች ሴት ትምከር፣ እሺ፤ እማዬስ? እማዬ የሸሚዙን ነጭ ካርታ በእጇ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት።

ከዚያ ወዲያ እማዬን በደንብ ተመለከትኳት። የጨዉን ዕቃ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ወንበር ብደራርብ እንኳ የማልደርስበት ቦታ ሰቀለችው። የድንች ሾርባውን ያለ ጨው አቀረበችለት። አባቴ አንድ ማንኪያ ቀመሰና በሁለት ትንፋሽ፣ “አፈር... አፈር ይላል” አላት።

“አፈር ከምትገባ አፈር አፈር የሚል ብላ” አለችው፤ ማንኪያውን ሞልታ ደገመችለት።

ውሃ ሲጠይቃት በጥጥ ከንፈሩን ታርስለታለች። ጠዋት ጠዋት ተንበርክካ አውራ ጣቷን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጫን ታደርጋለች። ጣቷ ሲነሳ ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል፣ ሊጥ ላይ እንደተጫነ። ጉድጓዱ እስኪሞላ ታየዋለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ምን ያህል እንደቀረው የምትለካ መሰለኝ፤ ዳቦ በስሎ እንደሆን እንደምትነካው። ድሮም ምድጃውን ትጠላው ነበር። “ያ እሳት አንድ ቀን ሙልጭ አድርጎ ይጠጣሃል” ስትለው ስንቴ ሰምቻለሁ። አሁን ምድጃውን ከውስጡ ልታጠፋ ነው አልኩ። ልታደርቀው ነው። ሰውየውን በጥም ልትገድለው ነው።

አባባ ፍም ሊጠይቀው መጣ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እጁ ሥራ አጥቶ የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ተቀመጠ።

“አለቃ...” አለ አባቴ፤ አረፈ። “ምድጃው... እንዴት ነው?”

“ይጠይቅሃል። ያለ አንተ የነፋነው ሁሉ ጎባጣ ነው፤ ጠርሙስ መሆኑን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።” አባቴ በዓይኑ ሳቀ። አባባ ፍም ሾርባውን አሸተተና ወደ እማዬ ዞረ። “ምነው ልጄ፣ ሰውየውን እንዲህ አደረቅሽው?”

“እኔ አላደረቅኩትም አባባ። ረጥቦ ነው የታመመው።”

“ረጥቦ? ሰው ረጥቦ ይታመማል? ልብስ ነው እንዴ?”

“ሳንባው ውሃ ይዟል ብላለች ሲስተር።”

“እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ጨው እየላስኩ ይኸው እንደ ምሰሶ ቆሜያለሁ።”

“ምሰሶም ምስጥ እስኪገባው ነው የሚቆመው” አለች እማዬ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። ሽማግሌው ባርኔጣውን አጥልቆ ተነሳ።

በር ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ ቆም አለና ከኪሱ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አውጥቶ አስጨበጠኝ። ሳልፈታው አወቅኩት፤ ጨው ነው፤ ሲጨበጥ ኮሽ ኮሽ ይላል።

“ምድጃ ፊት ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ” አለኝ። “ለእናትሽ አትንገሪያት። ክፉ ሆና አይደለም፣ አታውቅም።”

ክፉ ሆና ነው፣ አልኩ በልቤ። ከረጢቷን ካልሲዬ ውስጥ ከተትኳት።

አንድ ኩባያ ነበረችኝ። አባቴ ከቀን ሥራው በተረፈ ብርጭቆ የነፋልኝ ናት፤ አረንጓዴ፣ ከእጄ መዳፍ የማትበልጥ፣ ታችዋ ላይ አንዲት የአየር ፊኛ ተቀብራ የቀረችባት። “የኔ ትንፋሽ ናት፤ አደራ” ብሎኝ ነበር ሲሰጠኝ። እማዬ የሰፋችውን ልታደርስ ስትወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወንበሩ ላይ ስትደርስ፣ ኩባያዋን ሞልቼ፣ ከከረጢቷ ቆንጠር አድርጌ፣ በጣቴ በጥብጬ ወሰድኩለት።

አባቴ ውሃውን አየው። ኩባያዋን ወደ ብርሃን አንስቶ ቆየ፤ ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ። ያን ዓይነት አስተያየት ቀልጦ የወጣ ብርጭቆን እንኳ ሲያይ አላየሁበትም። እኔን አየኝ። ቀጥሎ ካልሲዬን አየ፤ አብጧል።

“አባባ ፍም ነው የላከው” አልኩት በሹክሹክታ። “ጠጣ አባዬ። ሰውየው ጠምቶታል።”

አንዴ ገለበጠው። ጉንጮቹ እንደ ድሮው ተወጠሩ፣ በአፍንጫው ተነፈሰ፤ በዓይኑ በሩን አሳየኝ። ክፍት ነበር። ዝጊው ማለቱ ነው። ሄጄ ዘጋሁት፣ መቀርቀሪያውን ታግዬ ገጠምኩት፣ ተመለስኩ። ኩባያዋ ባዶ፣ ከንፈሩ ርጥብ። ፀጉሬን ዳበሰኝ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግኩ፤ ሰውየው በሩን ዱብ ካደረገ በኋላ አንድ የሚያፏጭ ነገር አለ፤ በሩ ሥር ንፋስ እንደሚገባ። ትንሽ ጨው ብቻ ነው የጎደለው አልኩ።

በየቀኑ ወሰድኩለት። በየቀኑም ጉንጩን እንደሞላ አንድ የሚያዘኝ ነገር አያጣም፤ በሩ፣ መንጠቆው ላይ ያለው ኮፍያው፣ ጓዳ ያለው ፎጣ። ደስ አለኝ። ወደ አዛዥነቱ እየተመለሰ ነው። ዘወር ስል ከኋላዬ አንዳንዴ የዝናብ ጠብታ ቅጠል ላይ የሚያርፍ ዓይነት ድምፅ እሰማለሁ። ፀሐይ እያለ የሚዘንብ ዝናብ አለ፤ ልጅ ስትሆኑ ይህ አያስገርምም።

አበባው ታመመ። መጀመሪያ የቅጠሎቹ ዳር ቡናማ ሆነ፣ እሳት እንደላሰው፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ። እማዬ እሱንም ማድረቅ ጀመረች አልኩ።

አንድ ማለዳ እማዬ ማሰሮው ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ከአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ወጥቷል። በጣቷ ነካችው፣ ፈረከሰችው፣ ጣቷን ምላሷ ላይ አደረገች። አፈር ቀመሰች፣ እናቴ። ከዚያ ቀና ብላ አባቴን አየችው። አባቴ ወደ መስኮቱ ይመለከት ነበር፤ አዲስ ነገር እንዳለ ሁሉ። እማዬ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ተቀመጠች፣ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

ለአበባ። አባቴ ከታመመ አንድ ጠብታ እንባ ያላየሁባት ሴት ለአበባ አለቀሰች። እዚያ በር ላይ ቆሜ፣ እኔ ትልቅ ሰው ስሆን እንዲህ ዓይነት ሴት አልሆንም ብዬ ማልኩ።

በማግሥቱ ጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅዋ ግን ያው የመቀስ ድምፅ ነው።

“ከዛሬ ጀምሮ የአባትሽን ውሃ የምትሰጪው አንቺ ነሽ። በዚያች አረንጓዴ ኩባያሽ። ስልሽ ብቻ፣ እንደማሳይሽ። ጠብታ ብትጨምሪ ጆሮሽን አልተውልሽም።”

“ጨውስ?” አልኩ፤ ድፍረቴ።

እማዬ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ ነው እጁን የዘረጋልኝ። “ጨው...” አለ፤ አረፈ፤ ሆዱን ለቅቆ ለአየሩ ቦታ ሰጠው። “በቅቶኛል። ተክተሽልኛል።”

አሸነፍኳት። ከረጢቷን ለአባባ ፍም በኩራት መለስኩለት። አባቴም ዳነ፤ ማለት፣ ሰው ከዚያ ዓይነት ነገር በሚድንበት መጠን ዳነ። ሲስተሯ ያመጣችውን ክኒን እየዋጠ ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ይመላለሳል፤ እግሩ ከሳ፤ አንድ ጠዋት ከወንበሩ ጠፍቶ አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ አገኘነው። እማዬ በጣቷ ከንፈሯን ዘግታ ዝም በይ አለችኝ፤ ሁለታችንም እግሩ ሥር ቆመን ያንን ማንኮራፋት እንደ ሙዚቃ አዳመጥን። ዳግመኛ አልነፋም። አዳራሹ በር ላይ ወንበር ይዞ እየተቀመጠ በሌሎች ብርጭቆ ላይ ያሾፍ ጀመር። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖረ። ስንቱን ቀን “አባቴን በጨው ያዳንኩት እኔ ነኝ” እያልኩ ደረቴን ነፍቼ አወራሁ፤ ትምህርት ቤት፣ ሰፈር፣ ኋላም ለቀብሩ በመጡት ሰዎች ፊት። እማዬ እዚያው ነበረች። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

ባለፈው ሰሞን ነው ሽፋኑ የወደቀ አንድ መጽሐፍ ከጓደኛዬ የተዋስኩት። ልብና ሳንባን የሚያስረዳ ነው፤ ሥዕሎቹ ደብዝዘዋል፣ ግን ይነበባል። ልብ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ወናፎች ነው ይላል፤ ወናፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ቀኙ ደሙን ወደ ሳንባ ይልካል፤ እዚያ አየሩን ያገኛል፤ ግራው ከሳንባ ተቀብሎ ወደ መላው ገላ ይረጨዋል። የግራው በር ካልገጠመ ደሙ ወደመጣበት ይጠራቀማል፣ ከስሶቹ የደም ሥሮች ውሃው ይሰርጋል፣ አየር የሚገባባቸውን ጥቃቅን ክፍሎች ይሞላል። ቦታ ይጠፋል። በሽተኛው በደረቅ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሰጥማል፤ ጋደም ካለ ደግሞ ይብስበታል። ገጹን ገለጥኩ። ጨው ውሃን በገላ ውስጥ አጥብቆ ይይዛል ይላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ጨው... እዚያ ላይ ቆምኩ።

ያነበብኩትን መልሼ አነበብኩ። ሒሳቡ አልመጣ አለኝ። እንደዚህ ከሆነ አባቴ በዚያች ኩባያ በሳምንት ውስጥ ማለቅ ነበረበት።

መጽሐፉን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቀጥ ብዬ እማዬ ጋ ሄድኩ። ዳገቱ ያው ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ስደርስ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ካስቀመጠችበት አረንጓዴዋን ኩባያ አወጣችና ውሃ ሞልታ ፊቴ አኖረችልኝ። ሳልነካው ጥያቄዬን ጀመርኩ። በሩ፣ ሳንባው፣ የሚሰርገው ውሃ፤ ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ድንቿን እየላጠች እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

“ይሄን ሁሉ ሲስተር በአንድ አፍ ነው የነገረችኝ” አለች። “አንቺ አረዘምሽው።”

“ታዲያ የኔ ጨው የት ሄደ?”

ቢላዋዋን አቆመች። በአገጯ መስኮቱን አሳየችኝ። የሸክላው ማሰሮ ዛሬም እዚያው ነው፤ ከዚያ አበባ ወዲያ ምንም ያልተተከለበት ባዶ አፈር። የግትር ሰው ሐዘን ነው እያልኩ ስንቴ አሹፌባታለሁ።

“ቅርፊቱን አየሁትና ቀመስኩት” አለች። “ያ ሁሉ ጨው። መጀመሪያ አንቺን ልገድልሽ ነበር። ከዚያ ገባኝ፤ አፈሩ ውስጥ ነው ያለው። እሱ ውስጥ አይደለም። አንዲቷንም አልዋጣትም።”

“ጉንጩ...” አልኩ።

“እኔ በጥጥ ከንፈሩን ሳርስለት ጥጡን እየነከሰ አላስወጣ የሚለኝ ሰው፤ እንደዚያ ጠምቶት። አፉን ሞልቶ ይይዝልሽና አንቺ በር ስትዘጊ ማሰሮው ላይ ይተፋዋል።”

“ለምን አልነገረኝም?”

“እኔም ብዬዋለሁ። ንገራት፣ ልጅቷ ትሰማለች አልኩት። ‘ረጅም ነገር ነው’ አለኝ። ‘ለሱ የሚበቃ ትንፋሽ ሳገኝ እነግራታለሁ።’”

“ትንፋሹን ካገኘ በኋላስ?”

“ከዚያማ ስለ ምድጃው ሲያወራ መች ጊዜ አገኘ።” ሳቅ አለች። ድንቿን እንደገና አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠቻት። “ደግሞ ደስ ትዪው ነበር። ‘እንዴት ደረቷን እንደምትነፋ አየሻት? እንዲህ የምትነፋ ልጅ ብርጭቆ ታበጃለች’ ይለኛል።”

“አንቺስ? እስከ ዛሬ ክፉ ነሽ ብዬ...”

“አውቃለሁ። ፊትሽ ላይ ይነበብ ነበር። ትንሽ ክፉ ብሆን ምን አለበት፤ እኔ ይችለኛል።”

“አፈሩንስ ለምን አትደፊውም?”

“ጠምቶት ያልዋጠው ውሃ እኮ ነው” አለች እናቴ። “የት ወስጄ ነው የምደፋው?”

ጉሮሮዬ ደርቆ ኩባያዋን አነሳሁ፤ ታችዋ ላይ የአባቴ ትንፋሽ እንደተቀበረች ናት። ገለበጥኩት። ውሃው ምላሴን ሲነካ መላው ገላዬ ወደ አፌ ሮጠ። አልዋጥኩትም። ጉንጬን ሞልቼ ያዝኩት፣ በአፍንጫዬ ተነፈስኩ፣ ጉሮሮዬ እየለመነኝ እንቢ አልኩት። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቻል ማወቅ ፈለግኩ። አይቻልም። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

“ምን ሆንሽ?” አለችኝ እማዬ።

አፌ ሙሉ ነው፤ መመለስ አልችልም። በዓይኔ በሩን አሳየኋት። ክፍት ነበር።

በሩን አየችው። እኔን፣ ጉንጬን፣ ማሰሮውን አየች። ቢላዋዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቀስ እያለች፣ ጊዜ እንዳያጥረኝ እየተጠነቀቀች ወደ በሩ ሄደች። ወደ ማሰሮው ጎንበስ አልኩ።

ከኋላዬ በሩ ገጠመ። ዱብ።